ጓዳ ውስጥ የተረሳ ጠጅ

ጠጅ ጣይዋ፦ ጠጅ የሚጣለው ሊጠጣ እንጂ ሊቀመጥ አይደለም። ማሩ በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጌሾው ይገባበታል፤ እንደ አገሩ ሙቀት በሁለትም በሦስትም ሳምንት ይደርሳል፤ ብርዳማ ደጋ ከሆነ ወር ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠጣል። የተረሳ ጠጅ የሚባለው ከሠርግ፣ ከተዝካር ወይም ከዓመት በዓል ተርፎ «ለእንግዳ ይሆናል» ተብሎ በደምጃን ወይም በጀሪካን ጓዳ የገባው ነው። ባለቤቱ ይታመማል፣ ቤት ይቀየራል፣ ሐዘን ይመጣል፤ ጠጁ በጨለማ ሦስት አራት ዓመት ይከርማል። የተገኘ ዕለት አንዱ «ያረጀ ጠጅ መድኃኒት ነው» ይላል፤ ሌላው «መርዝ ሆኗል፣ ይደፋ» ይላል።

መምህሩ፦ ሁለቱም ሳይቀምሱ ነው የሚፈርዱት፣ እትዬ። ዕድሜ ብቻውን ጠጅን አያሻሽልም፤ አያበላሽምም። የሚያበላሸው አየር ነው፤ የአየር ረዳቱ ደግሞ ሙቀት ነው። ለዚህ ከወይን ጠጅ ታሪክ ሁለት ምስክሮች አሉ። በጀርመን ሽፓየር ከተማ ሙዚየም ውስጥ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከሮማውያን ዘመን ሰው ጋር የተቀበረ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይገኛል። በ1867 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመቃብር ሲወጣ ፈሳሹ ውስጡ ነበር። ቀባሪዎቹ በወይኑ ላይ የወይራ ዘይት አፍስሰው፣ አፉን በሰም ስለደፈኑት አየር መግቢያ አጣ። ዛሬ የሚጠጣ መጠጥ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን 1,600 ዓመት ሙሉ ሳይደርቅ ቆይቷል።

ሁለተኛው ምስክር በ2010 በፊንላንድ የኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ከሰጠመ መርከብ የወጡት 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች ናቸው። 170 ዓመት ያህል በ50 ሜትር ጥልቀት፣ በብርድና በጨለማ ተኝተው ነበር። የቀመሱት ባለሙያዎች መጀመሪያ የእርጥብ ፀጉርና የእንስሳ ጠረን እንደሸተታቸው፣ ብርጭቆው ሲናጥ ግን ያ ጠረን ተገፎ የጭስና የቆዳ መዓዛ እንደመጣ ተናግረዋል። ስለዚህ የተረሳ መጠጥ በመጀመሪያው ሽታ ብቻ አይፈረድበትም።

ጠጅ ጣይዋ፦ እንግዲያው ከጠጁ በፊት የሚመረመረው ዕቃው ነው። ጋን ለጥቂት ሳምንት የሚወዳደረው የለም፤ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ለጠጁ መዓዛ ይሰጣል። ለዓመት ግን አይሆንም። ሸክላ ይተነፍሳል። ጠጁ በገላው እያላበ ይጎድላል፤ በጎደለው ቦታ አየር ይገባል። አፉ በጭቃ ቢመረግም ምርጊቱ ደርቆ ይሰነጠቃል።

መምህሩ፦ ጀሪካንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፕላስቲኩ ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው ቢባል ይቀላል፤ ኦክስጅን ቀስ እያለ ያልፍበታል፤ ቀድሞ የያዘውን ዘይት ጠረንም ይመልሳል። ነዳጅ፣ የእርሻ መድኃኒት ወይም የጽዳት ኬሚካል ይዞ የሚያውቅ ጀሪካን ከሆነ ጠጁ አይቀመስም፤ ይደፋል። ምን ይዞ እንደነበር የማይታወቅም እንደዚያው ነው። ዝገት የበላው በርሜል፣ ዚንክ የተቀባ ባልዲና የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ የሸክላ ዕቃም ከዚሁ ይመደባሉ፤ ጠጅ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረታ ብረትን፣ በተለይም በአንዳንድ የሸክላ ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ እያሟሟ ይወስዳል።

ጥሩ ተስፋ ያለው በመስታወት ደምጃን እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ በቡሽ ተደፍኖ የተቀመጠው ነው። ግማሽ ድረስ የጎደለ ደምጃን ከሆነ ጠጁ ላይ ብዙ አየር ተኝቶበት ከርሟል። ጋዙን እያስወጣ አየር የማያስገባ የውሃ ወጥመድ የተገጠመበትም ቢሆን፣ ውሃው በወራት ውስጥ ተኖ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አፉ ክፍት ነው ማለት ይቻላል።

ጠጅ ጣይዋ፦ ዕቃው ከፀደቀ በኋላ ቸኩሎ ማንሳት የለም። ሥር የተኛው አንቡላ ከተናጠ ሁሉንም ያደፈርሳል። ባለበት ቆሞ፣ ቡሹ ብቻ ተነቅሎ፣ በቀጭን ቱቦ ከመሃል ጥቂት ይቀዳል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ለመጠጣት እንጂ ለማሽተት አይመችም፤ አፈ ሰፊ ብርጭቆ ይሻላል።

መምህሩ፦ የሚታየው፣ የሚሸተተው፣ የሚቀመሰው በዚህ ተራ ነው። ገና ከአፉ ላይ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ጸጉር መሳይ ሻጋታ ከታየ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ስስ፣ ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ ገለፈት ግን አየር የሚወዱ እርሾዎች ሥራ ነው፤ ጣዕሙን ያሳሳል እንጂ ብቻውን አያስደፋም። ቀለሙ ከማር ቢጫነት ወደ ቡናማ ሄዶ ከሆነ አየር እንደነካው ያሳያል።

ጠረኑ ብዙ ይናገራል። የተላጠ ቆይቶ የጠቆረ ፖም ወይም የለውዝ ጠረን አልኮሉ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ አሴታልዴሃይድ መሆኑን ይነግራል፤ ይህ በከፊል ይታረማል። የበሰበሰ እንቁላል ጠረን በችግር የኖረ እርሾ የሚያወጣው የድኝ ጋዝ ነው፤ ገና ካልሰረጸ ይለቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም የማጣበቂያ ጠረን፣ ከአቸቶ ጋር ተደርቦ፣ ወደ ሆምጣጤ የሚወስደውን መንገድ መጀመሩን ያመለክታል። የበሰበሰ ሥጋ ወይም የተቃጠለ ጎማ ጠረን ደግሞ የሞተው እርሾ አንቡላው ውስጥ መበስበሱን ያሳያል፤ ከዚህ የሚመለስ ጠጅ ጥቂት ነው።

ጠጅ ጣይዋ፦ ኮምጣጣነቱስ በምን ይለያል? ጠጅ ሲፈጠርም ይኮመጥጣል። «ደረቅ» የሚባለው ጠጅ ጣፋጩ አልቆ ኮምጠጥ ያለ፣ የበረታ ነው፤ ያንን የሚወዱ ሰዎች «ለስላሳ» ቢቀርብላቸው ይመልሱታል። ጥሩ ደረቅ ጠጅ ምላስን ይይዛል፤ አፍንጫን ግን አይወጋም። የሆመጠጠው ብርጭቆው ወደ አፍ ሲጠጋ ገና አፍንጫ ላይ ይቆጣል፤ ሲዋጥ ጉሮሮን ይፍቃል።

መምህሩ፦ ልዩነቱን ከዚህ በተሻለ መግለጽ አይቻልም። በጠጅ ውስጥ ከእርሾው ጋር የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ይሠራሉ። እነሱ የሚያወጡት አሲድ፣ እንደ እርጎ አሲድ፣ አይተንም፤ ስለዚህ አይሸትም። አፍንጫን የሚወጋው የአቸቶ አሲድ ነው። እሱን የሚሠሩት አሴቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን መሥራት አይችሉም፤ አልኮሉን ከአየሩ ጋር እያዋሃዱ ሆምጣጤ ያደርጉታል። ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ ይህንን ሲያጠና የደረሰበት ዋና ነገር ይኸው ነው፦ አየር ከሌለ ሆምጣጤ የለም። መጠኑ ብዙ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ለነጭ ወይን የሚፈቅደው የሚተን አሲድ በሊትር 1.2 ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማንኛውም ጠጪ ያውቀዋል።

ጠጅ ጣይዋ፦ መርዝ ሆኗል የሚሉትስ?

መምህሩ፦ ጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ ያህል አልኮል አለው፤ አሲዱም አለ፤ ጌሾውም ባክቴሪያን ይቋቋማል። መራራነቱን የሚሰጠው ጌሾይዲን የተባለ ውሁድ ስሙን ያገኘው ከራሱ ከጌሾ ነው። በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ለዓመት አይበረክቱም። የብዙ ሰው ፍርሃት ሜታኖል ነው፤ ሜታኖል ግን በጓዳ በመቀመጥ አይበዛም። የሚመነጨው በዋናነት ከፍራፍሬ ልጣጭ ፔክቲን ነው፤ ማር ውስጥ ፔክቲን የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ በንጹሕ መስታወት የከረመ ጠጅ ሊያስጠላ ይችላል እንጂ በዕድሜው ምክንያት መርዝ አይሆንም። አደጋው ከዕቃው ነው፤ ደግሞም ሰው «ላድነው» ብሎ ከሚጨምርበት ነገር ነው።

ጠጅ ጣይዋ፦ ይሄ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያሻል። የሆመጠጠ ጠጅ ላይ ማር የሚጨምር አለ። አመድ በጨርቅ ቋጥሮ የሚነክርም አለ፤ ቤኪንግ ሶዳ የሚነሰንስም አለ።

መምህሩ፦ ማሩ ምላስን ያታልላል፤ አሲዱ ግን አንድ ጠብታ አይቀንስም። አመዱና ሶዳው አሲዱን ወደ ጨው ይለውጡታል፤ ጠጁ ጨው ጨው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሆምጣጤን መልሶ ጠጅ የሚያደርግ ነገር በዓለም ላይ የለም። ይህንን አልቀበልም ያሉ ሰዎች ያደረሱት ጉዳት በታሪክ ተመዝግቧል። በአውሮፓ የወይን ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሆመጠጠ ወይን ላይ የእርሳስ ዝገት ይጨምሩ ነበር። እርሳስ ከአቸቶ አሲድ ጋር ሲዋሃድ የሚጣፍጥ ጨው ይሆናል፤ ወይኑ የዳነ ይመስላል። ጠጪዎቹ ግን በማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ በእጅና እግር መዛል ይሠቃዩ ነበር። በ1690ዎቹ የጀርመኗ ኡልም ከተማ ሐኪም ኤበርሃርድ ጎከል የታመሙትን መነኮሳት ተከታትሎ ሕመሙ ወይኑን ከጠጡት ጋር ብቻ እንደሚሄድ አየ፤ ምክንያቱ እርሳሱ መሆኑንም አረጋገጠ። በ1696 የቩርተምበርግ መስፍን ወይን ውስጥ እርሳስ መጨመርን በከባድ ቅጣት ከለከለ። የጎከል ሥራ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ሆምጣጤ የሆነውን ሆምጣጤ ነው ብሎ መቀበል ከሁሉ ይቀላል፣ ከሁሉም ይበልጣል።

ጠጅ ጣይዋ፦ መቀበል ደግሞ መድፋት ማለት አይደለም። የማር አቸቶ ለሰላጣም፣ ለአዚፋም፣ ለሚጥሚጣ ድልህም የከበረ ነገር ነው። ከሱቅ የሚገዛው አይደርስበትም።

መምህሩ፦ በሥርዓት ከተሠራ እውነት ነው። ጠጁ 10 በመቶ ያህል አልኮል ካለው ለሁለት እጅ ጠጅ አንድ እጅ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይቀላቀላል፤ አልኮሉ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። በጣም የበረታ አልኮል ራሱን የአቸቶ ባክቴሪያውን ያደክመዋል። አፈ ሰፊ የመስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላል፤ አፉ ትንኝ በማያስገባ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። እዚህ ላይ አየር ጠላት መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛ ይሆናል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ የአልኮል ጠረኑ ይጠፋል። ከላዩ የሚረጋው ወፍራም፣ ለስላሳ ቆዳ የመሰለ ነገር የአቸቶ እናት ይባላል፤ ለሚቀጥለው አቸቶ ይቀመጣል። ሲያልቅ ተጣርቶ፣ እስከ 65 ዲግሪ ሞቆ፣ ጠርሙስ እስከ አፉ ይሞላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ዕቃ ጠጅ ከሚጣልበት ክፍል ውጭ ይሁን። ትንኟ ብቻ ባክቴሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች።

ጠጅ ጣይዋ፦ የተበላሸውን አረቄ ላውጣበት የሚልም አለ።

መምህሩ፦ ሆምጣጤ አረቄ አይሆንም፤ አልኮሉ አልቋል። ገና አልኮል ያለው ቢሆንም የአቸቶ አሲዱም፣ የማጣበቂያ ጠረን ያለው ውሁድም አብረው እየተነኑ ወደ አረቄው ይገባሉ። በውጭ አገር ላሉ ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ የሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ የሚኖሩበት 200 ጋሎን ወይን ለራሱ ፍጆታ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል፤ ጠጅም ከዚሁ ይመደባል። ጠጁን መሸጥ ግን አይቻልም፤ ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣትማ ለራስም ቢሆን ክልክል ነው።

ጠጅ ጣይዋ፦ አሁን ወደ ሚድነው እንመለስ። ተቀምሶ፣ አፍንጫ ሳይወጋ፣ ትንሽ ደርቆና ጠቁር ብሎ የተገኘ ጠጅ መጀመሪያ የሚደረግለት ከአንቡላው መለየት ነው። በልማዳችን በነጭ ጨርቅ ይጠለላል።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ነው ልማዱና ነገሩ የሚለያዩት፣ እትዬ። ለአዲስ ጠጅ ጨርቁ ተገቢ ነው። አዲስ ጠጅ ውስጥ ጋዝ አለ፤ እርሾው ሕያው ነው፤ የገባውን ኦክስጅን ወዲያው ይበላዋል፤ ጠጁም በሳምንት ያልቃል። አሮጌ ጠጅ ውስጥ ግን እርሾው ሞቷል። በጨርቅ ውስጥ እየተንጠባጠበ ሲወርድ እያንዳንዷ ጠብታ አየር ትጠጣለች። አራት ዓመት የተረፈው ጠጅ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል።

ጠጅ ጣይዋ፦ ታዲያ የጌሾው እንጨትና ስብርባሪው ምን ይሁን?

መምህሩ፦ አሮጌ ጠጅ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ዓመታት አጥርተውታል። ስብርባሪው ሁሉ ሥር ተኝቷል። ደምጃኑ ከመነካቱ ከሁለት ቀን በፊት ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ ይወጣል፤ እንደገና ይረጋል። ንጹሕ የላስቲክ ቱቦ አንዱ ጫፍ ከአንቡላው አራት ጣት ከፍ ብሎ ይነከራል፤ ሌላው ጫፍ ዝቅ ብሎ በተቀመጠው ዕቃ ሥር ድረስ ይገባል። ጠጁ ሳይንፎለፎል፣ ከሥር ወደ ላይ እየሞላ ይሸጋገራል። ሊደፈርስ ሲል ቱቦው ይነሳል። ለመጨረሻዋ አንድ ሊትር ሲባል ሌላውን ሁሉ ማደፍረስ አይገባም።

ከዚህ አንድ ብቻ ልዩ ሁኔታ አለ፤ የእንቁላል ጠረን ያለው ጠጅ። እሱ በተቃራኒው ከከፍታ እየተንፎለፎለ አንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ጋዙ ይለቃል። ወዲያው ግን መከላከያው ይከተላል።

መከላከያው ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት የሚባለው፣ ለምግብ የተፈቀደ ነጭ ዱቄት ነው። ጠጅ ውስጥ ሲገባ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ ኦክስጅኑን ቀድሞ ይይዛል፤ ባክቴሪያዎቹን ያደክማል፤ የጠቆረ ፖም ጠረን የሚሰጠውን አሴታልዴሃይድም አስሮ ያስቀምጣል። በሊትር 50 ሚሊግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለማግኘት፣ ከዱቄቱ ክብደት ከግማሽ በላይ ጥቂት ብቻ ጋዝ ስለሚሆን፣ ለ20 ሊትር ጠጅ 1.75 ግራም ያህል ይበቃል። ይህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ በሚዛን እንጂ በግምት አይሠራም። በጥቂት ጠጅ ሟሙቶ በባዶው ዕቃ ሥር ይቀድማል፤ የሚሸጋገረው ጠጅ በላዩ ይሞላል። አስም ያለበት ሰው ይህ የገባበትን ጠጅ እንደማንኛውም ሰው መጠጣት የለበትም፤ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ጠጅ ጣይዋ፦ ዕቃው እስከ አንገቱ ካልሞላስ?

መምህሩ፦ ወደ ትንንሽ ዕቃ ይከፈላል፤ ወይም የታጠቡና የተቀቀሉ የመስታወት ብይዎች እየተጨመሩበት ጠጁ ወደ አንገቱ ይወጣል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በቀዝቃዛ ቦታ ይረጋል። ያኔም ካልጠራ ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይገባል፤ የተንሳፈፈውን ይዞ ይወርዳል።

ጠጅ ጣይዋ፦ እኛ ዘንድ ያረጀ ጠጅ በአዲስ ጠጅ ይታደሳል። አዲሱ መዓዛ ይሰጠዋል፤ አሮጌው ብርታት ይጨምራል። ነገር ግን በመጀመሪያ በብርጭቆ ይሞከራል፤ አንድ እጅ አሮጌ ለሦስት እጅ አዲስ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ እኩል። የተሻለው መጠን በምላስ ይመረጣል። አሮጌው አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ግን አንድ ብርጭቆም አይቀላቀል፤ አንዱ ሌላውን አያድነውም፤ ሁለቱም ይጠፋሉ።

መምህሩ፦ ያንን የታደሰ ጠጅ ግን በጠርሙስ መድፈን አይገባም፤ ወይ በጥቂት ቀን ይጠጣ፣ ወይ ፈልቶ እስኪያበቃ ይጠበቅ። አዲሱ ጠጅ ሕያው እርሾና ያልፈላ ስኳር ይዞ ይመጣል። ከዚህ ሥራ ሁሉ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይሄ ነው።

ጠጅ ጣይዋ፦ ጠርሙስ ይፈነዳል።

መምህሩ፦ ይፈነዳል፤ ሰውም ዓይኑን ያጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ስኳር ሲፈላ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተደፈነ ጠርሙስ ውስጥ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል። አሮጌው ጠጅ በጣም ደርቋልና ይጣፍጥ ብሎ አንድ ሰው በእያንዳንዱ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ጨመረ እንበል። ማንኪያው 20 ግራም ያህል ማር ይይዛል፤ ከዚያ 16 ግራም የሚሆነው ስኳር ነው። ለሊትር ሲሰላ ከ21 ግራም ይበልጣል፤ ሁሉም ቢፈላ ግፊቱ ከአምስት የከባቢ አየር በላይ ይሆናል። የሻምፓኝ ጠርሙስ ይህንን እንዲችል ወፍራም ሆኖ፣ ቡሹም በሽቦ ታስሮ ይሠራል። ተራው የወይን ጠርሙስ አይችለውም።

ጠጅ ጣይዋ፦ እርሾው ሞቷል አልተባለም ወይ?

መምህሩ፦ አብዛኛው ሞቷል። ጥቂት ሺህ ከተረፈ ግን ማርና አየር ሲያገኝ ይራባል፤ ማሩ ራሱም እርሾ ይዞ ይመጣል። ጠጅ ከጥንት የሚፈላው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው በሚገኝ እርሾ መሆኑ መረሳት የለበትም። ስለዚህ ማረጋገጥ ያሻል። ሃይድሮሜትር ያለው ሰው ይለካል፤ ከ1.000 በታች ካነበበና ከሁለት ሳምንት በኋላም ያው ከሆነ ስኳሩ አልቋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ቀርቷል ማለት ነው፤ ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ እንኳ ሲሸጋገር አየር አግኝቶ ሊነሳ ይችላል።

ሃይድሮሜትር ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ታጥቦ፣ ከዚያው ጠጅ ተሞልቶ፣ ተከድኖ ሞቅ ባለ ወጥ ቤት ይቀመጣል። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ በጣት ይጨመቃል። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጠጁ ሕያው ነው፤ አይደፈንም። እንደ መጀመሪያው ለስላሳ ከሆነ መድፈን ይቻላል።

ጠጅ ጣይዋ፦ ለስላሳ ጠጅ ለሚወድ ቤትስ? ጣፋጩን የሚያስቀምጥበት መንገድ የለም?

መምህሩ፦ ሦስት መንገድ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ደረቁን መድፈን፣ በሚጠጣበት ዕለት ብርዝ ማቀላቀል ነው፤ ይህ ምንም አደጋ የለውም፤ ማሩም ትኩስ መዓዛውን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ፖታሲየም ሶርቤት በሊትር 0.2 ግራም፣ ከሜታባይሰልፋይቱ ጋር ማድረግ ነው። ሶርቤት እርሾውን አይገድልም፤ እንዳይራባ ያግደዋል፤ ስለዚህ የሚሠራው በጠራ ጠጅ ላይ ብቻ ነው። ያለ ሜታባይሰልፋይት ብቻውን ከገባ የላክቲክ ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል፤ ጠጁ የተቀጠቀጠ የጄራኒየም ቅጠል ይሸታል፤ ያ ጠረን አይለቅም። ጠጅ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የተለመዱ ስለሆኑ ይህ ከወይን ይልቅ ለጠጅ ያሰጋል።

ሦስተኛው የፓስተር መንገድ ነው። ፓስተር በ1866 ባሳተመው የወይን ጥናት ወይን እንዳይበላሽ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ማሞቅ እንደሚበቃ አሳይቷል። ጠጁ በተከደነ የማይዝግ ብረት ድስት እስከ 65 ዲግሪ ይሞቅና በሞቁ ጠርሙሶች ይሞላል። እርሾው ይሞታል፤ የማሩ መዓዛም አብሮ ይቀንሳል። አሮጌ ጠጅ የቀረው መዓዛ ጥቂት ስለሆነ ይህንን መንገድ መምረጥ የሚያሳዝን ነው።

ጠጅ ጣይዋ፦ እንግዲህ ጠርሙሱ ላይ ደረስን።

መምህሩ፦ 20 ሊትር ጠጅ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 26 ይሞላል፤ ትንሽ ይተርፋል፤ የተረፈው የዕለቱ መጠጥ ነው። ጠርሙሶቹ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው፣ ደጋግመው ተለቅልቀው፣ በመጨረሻ በሜታባይሰልፋይት ውሃ ይታጠባሉ። ዘይት የያዘ ጠርሙስ አይሆንም፤ ቅባቱ አይለቅም። ቱቦው እስከ ጠርሙሱ ወለል ይገባል፤ ጠጁ ከሥር እየሞላ ይወጣል፤ በቡሹና በጠጁ መካከል ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቀራል።

ጠጅ ጣይዋ፦ አንድ ጊዜ የተነቀለ ቡሽ ግን ተመልሶ አይገባም። መክፈቻው ወግቶታል፤ አየር ያስገባል። አዲስ ቡሽና መግጠሚያ ከሌለ የቢራ ጠርሙስ በአዲስ ቆርኪ መምታት ይበልጣል።

መምህሩ፦ ቆርኪ ለአንድ ሁለት ዓመት ከቡሽ አያንስም። ቡሽ የተገጠመበት ጠርሙስ ሦስት ቀን ቆሞ፣ ከዚያ ይጋደማል፤ ጠጁ ቡሹን እያራሰ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ቆርኪ የተመታበት ቆሞ ይቀመጣል። ቦታው ጨለማና ቀዝቃዛ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ይሁን፤ ከምድጃ አጠገብም፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥርም አይደለም። በመጀመሪያው ወር ጠርሙሶቹ በወፍራም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡ ጥሩ ነው፤ ስሌት ቢሳሳት ስብርባሪው እዚያው ይቀራል።

ጠጅ ጣይዋ፦ ከዚያ ስንት ጊዜ ይቆያል?

መምህሩ፦ ከመረሳት የዳነ ጠጅ እንደገና ለዓመታት ሊረሳ አይገባውም። አንዴ አየር አይቷል፤ የሚቻለውንም ያህል ታግሷል። ወር ካረፈ በኋላ አንድ ጠርሙስ ይከፈት። ጥሩ ከሆነ በዓመት ውስጥ ይጠጣ። ኮምጣጣነቱ ጨምሮ ከተገኘ የቀረው ሳይዘገይ ይከፈትና ወደ አቸቶ ዕቃው ይሂድ።

ጠጅ ጣይዋ፦ ጠጅ የሚረሳው ማን፣ መቼ እንደጣለው ሳይጻፍበት ስለሚቀር ነው። በየጠርሙሱ ላይ የተጣለበት ዓመት፣ ጠርሙስ የገባበት ቀን፣ ማር ተጨምሮበት እንደሆነና ሜታባይሰልፋይት መግባቱ በእርሳስ ይጻፍ። ወረቀቱም በዱቄት ሙጫ ይለጠፍ።